የአና ቡሽለር ሙግት
ዛሬ ሐሳቤ ሁሉ አና ቡሽለር ላይ ዋለ። በጀርመን የሽቬቢሽ ሃል ከንቲባ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1525 አባቷ የፍቅር ደብዳቤዎቿን አገኘና ከቤት አባረራት። ስትከሰው ይዞ ለስድስት ወር ያህል ከጠረጴዛ ጋር በሰንሰለት አሰራት! አምልጣም በ1552 እስክትሞት ስለ ውርሷ ተሟገተች።

እንዲህ የጨከነ አባት እንኳ ልጁን እንዳሻው ከውርስ መንቀል አይችልም ነበር። ጀርመኖች የተቀበሉት የሮማ ሕግ ልጅን ለመንቀል የሚያውቀው 14 ምክንያቶችን ብቻ ነበር፤ የተነቀለበት ምክንያት ደግሞ በኑዛዜው ላይ ተለይቶ መጻፍ ነበረበት። አለዚያ ልጆቹ ከአራት ካልበለጡ ከሀብቱ ሲሶው፣ ከበለጡ እኩሌታው የእነሱ ነበር። የሴት ልጅ "ብልግና" ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ ነገር ግን ወላጆቿ 25 ዓመት እስኪያልፋት ሳይድሯት ከቆዩ አይያዝባትም ነበር። አና ደግሞ በ1525 ከ25 አልፋ ነበር።