አየር አያጥርህም ወይ?

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም ጻፈልኝ። ወደዚህ ለመምጣት እያሰበ ነው። «ያለህበት ተራራ ላይ ነው አሉ፤ አየር አያጥርህም ወይ?» ይለኛል። ይህን የሚጠይቀኝ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ ሥር ተቀምጦ ነው።

እስቲ ትንሽ ልኩራራ። የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ግራውቡንደን በሚባለው ካንቶን (ክልል በሉት)፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚሁ ካንቶን ዩፍ የምትባል መንደር አለች። በአገሪቱ ዓመቱን ሙሉ ሰው ከሚኖርባቸው መንደሮች ሁሉ ከፍተኛዋ እሷ ናት፤ 2,126 ሜትር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ፖስትካርድ ላይ የምታዩት የማተርሆርን ተራራ ደግሞ 4,478 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሽን ይበልጠዋል። ይህን ለሰፈሬ ሰዎች ስነግር ስልካቸውን አውጥተው ያጣራሉ። ከዚያ ወሬ ይቀይራሉ።

ችግሩ ከፍታው ሳይሆን ፀሐይዋ ናት። ደብረ ብርሃን ሌሊቱን ቢቀዘቅዝም ረፋድ ላይ ሰው ወጥቶ ይሞቃል። እዚህ ግን በብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። ከመንደሩ በስተደቡብ ትልቅ ተራራ ከቆመ ለሳምንታት ላታዩአት ትችላላችሁ። የማዶው መንደር ሲሞቅ እያያችሁ እናንተ ጥላ ውስጥ ትውላላችሁ። ስለዚህ በሐምሌ ቤት አይታችሁ «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ አትፈርሙ። በታኅሣሥ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደምትገባ ጠይቁ።

በረዶውንስ ትለምዱታላችሁ። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ደብዳቤው ነው።

ስደተኛ ፖስታ ሲያይ ሆዱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በተለይ መስኮት ያለው ፖስታ ሲሆን። የመኖሪያ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ እየጸለይኩ ከፈትኩት። ለካ ስለ እሳት አደጋ ነው! እዚህ ትንንሽ መንደሮች ውስጥ ደመወዝተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የለም። ነዋሪው ራሱ ነው የሚያጠፋው። ዕድሜው የሚፈቅድለት ሁሉ ወይ ሠልጥኖ ያገለግላል፣ ወይ በየዓመቱ ገንዘብ ይከፍላል። በሁሉም ካንቶን እንዲህ አይደለም። እኛ ጋ ግን ነው፤ የውጭ ዜጋም አይቀርለትም። መምረጥ አልችልም፣ የመንደሩ ስብሰባ ላይ እጄን ማውጣት አልችልም። ቤታቸው ሲቃጠል ግን አዳኙ እኔ ነኝ።

ትንሽ ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። እድር ነው በሉት። ቀብር የቀረ እንደሚቀጣ፣ ልምምድ የቀረም ይቀጣል። ልዩነቱ እነሱ በሰዓቱ ይጀምራሉ። እኛ ብንሆን ሊቀመንበር ስንመርጥ ቤቱ ነዶ ያልቅ ነበር።

ገንዘቤን ከምከፍል ብዬ ገባሁበት። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ቧንቧ ሠራተኛው አለ፣ አስተማሪዋ አለች፣ ላም አርቢው አለ። አዛዡ መናገር ጀመረ። እኔ የጀርመንኛ ቢ1 (የመካከለኛ ደረጃ) ምስክር ወረቀት በኪሴ አለኝ፤ ግን የተማርኩት የጋዜጣውን ጀርመንኛ ነው። እነሱ የሚናገሩት የሸለቆውን ዘዬ ነው፤ ያንን ማንም ክፍል ውስጥ አያስተምርም። ትእዛዙ ተሰጠ፣ ሁሉም በየአቅጣጫው ሮጠ። እኔ ኮፍያዬን እንዳጠለቅኩ ግቢው መሐል ቀረሁ።

አዛዡ ዞሮ አየኝ። መጣ። ጎንበስ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ «ይህ። ጎማ። ነው። ከዚህ። ውሃ። ይወጣል።» አለኝ። ሁሉም ቆመው ያያሉ። ወገኖቼ፣ እኔ አገር ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ውሃ ግፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ትውልድ አስተምሬአለሁ። የማውቀውን ሁሉ ላስረዳው አሰብኩ። ከአፌ የወጣው ግን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። ሰውየው ክፋት የለውም፤ የባሰውም ይኸው ክፋት ማጣቱ ነው። ቢሰድበኝ እሻል ነበር። አሁንም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

እንዲህም ሆኖ ክፍያውን አልመክራችሁም። ግቡ። ከልምምድ በኋላ አብረን ቢራ እንጠጣለን፤ ዘዬውንም የለመድኩት እዚያ ነው። የመንደሩ ሰው ስሜን ያወቀው በዚያ ጎማ ነው። ኪራይ ቤት ያገኘሁትም ከዚያው ነው። ኪራይ ቤት ደግሞ ወርቅ ነው፤ ግማሹ መንደር የሀብታም የዕረፍት ቤት ነው፣ መስኮቱ ተዘግቶ ይከርማል። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ሕዝቡ በድምፅ ከ20 በመቶ በላይ የዕረፍት ቤት ባለበት መንደር ሌላ እንዳይጨመር ወስኗል። ያለው ግን አለ።

ሌላው፣ እዚህ መደበቅ የለም። ቆሻሻ እንኳ በፈለጋችሁት ፌስታል አይጣልም። ለዚሁ የተዘጋጀ ከረጢት አለ፤ የ35 ሊትሩ ወደ 2 ፍራንክ ይሆናል። በሌላ ከረጢት ከጣላችሁ ይፈተሻል፣ ስማችሁ ያለበት ደረሰኝ ይገኛል፣ ቅጣት ይመጣል። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ፣ የማታውቁትን ጨምሮ፣ ሰላም በሉ። ዜግነት የምትጠይቁት ቢያንስ ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ መንደሩም ይጠየቃል። ሰላም ያላላችኋት አሮጊት አትረሳችሁም።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ይህንንም ስሙ። ጥገኝነት ጠያቂ ካንቶኑን አይመርጥም። ከ26ቱ አንዱ ይመደብለታል። «ዙሪክ ዘመድ አለኝ» ብሎ መምጣት ብቻውን ዙሪክ አያደርስም። ሥራ ያላችሁ ደግሞ የሆቴል ውል ስትፈርሙ የሚያልቅበትን ቀን አንብቡ። ሚያዝያ ላይ የበረዶ ሸርተቴው ሲዘጋ ሆቴሎቹም ይዘጋሉ፤ ኅዳር ላይም እንደዚያው። በዚያ መሐል ኪራዩ ይቀጥላል።

ከጦርነት የወጣችሁ ደግሞ አንድ ቀን በስልካችሁ መዝግቡ፤ የፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። በመላ አገሪቱ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ይሞከራል። እንደመጣሁ ሰሞን ይህን ሳላውቅ ጮኸ። ሮጬ የጎረቤቴን በር ደበደብኩ። ከፍታ አየችኝ፣ ሙከራ መሆኑን ነገረችኝ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ «ግባ» አለችኝ። ቀጥላም ወደ እግሬ እያየች፣ «ጫማህን ግን አውልቅ።»