«ገባኝ» ያልኩበት ሦስት ቀን

«የየቅርንጫፉን ሽያጭ ለይተህ አምጣልኝ» አሉኝ አለቃዬ። «ገባህ?» ሲሉኝ «ገባኝ» አልኩ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ወር ላይ ነበርኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ኤክሴል ላይ ተተከልኩ። በቀን፣ በዕቃ ዓይነት፣ በሻጭ እየከፋፈልኩ 14 አምድ ሞላሁ። በአራተኛው ቀን ይዤ ገባሁ። ከላይ እስከ ታች አዩትና ጣታቸውን አንዱ ረድፍ ላይ አሳርፈው «ይሄኛው ከአምናው ቀንሷል ወይስ ጨምሯል?» አሉኝ። የአምናውን ጭራሽ አላስገባሁትም። ለካ የፈለጉት እዚያ ቅርንጫፍ ሰው ይጨመር አይጨመር የሚለውን ለመወሰን ነው። ሁለት ቁጥር ይበቃቸው ነበር።

ማንም አልተቆጣኝም። እኔ ግን በጣም ከነከነኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሥራ ቦታ መጠየቅ ግን አለማወቄን የሚያጋልጥ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሥራ መጠየቅ አለብኝ ብዬ «ይሄ ለምን ያስፈልጋል?» አልኩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ትእዛዙን የተቃወምኩ መስሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ «ይህን አይተው የሚወስኑት ምንድን ነው?» እላለሁ። ሐሳቡ ያው ነው፤ መልሱ ግን ሌላ ነው። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ሙሉ ያስረዱኛል።

«ለምን» የምትለዋ ቃል ሰው ላይ ስትወረወር ትከብዳለች። የሥራ ባልደረባዬን «ለምን ዘገየህ?» ስለው ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ምን አዘገየው?» ስለው ግን ስለ ሥራው ይነግረኛል።

የቶዮታን የአመራረት ሥርዓት የቀረጸው ታይቺ ኦኖ ችግር ሲገጥም አምስት ጊዜ «ለምን» ብላችሁ ጠይቁ ይል ነበር። ምሳሌው የቆመ ማሽን ነው። ለምን ቆመ? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ክፍል የሚይዘው፣ በቂ ቅባት አላገኘም። ለምን? የዘይት ፓምፑ በደንብ አይስብም። ለምን? የፓምፑ ዘንግ ተበልቷል። ለምን ተበላ? ማጣሪያ ስላልተገጠመ የብረት ብናኝ ገብቶበታል። ፊውዙን ብቻ ቀይረው ቢሄዱ ያው ችግር ይመለስ ነበር። እኔን ደስ ያለኝ ደግሞ ከአምስቱ አንዱም «ማን?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። «ለምን» ወደ ማሽኑ ሲዞር ማንንም አያስደነግጥም።

ሌላው የተማርኩት ልጠይቅ ስሄድ ባዶ እጄን አለመሄድን ነው። «እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ማለት ሸክሙን ሰው ጫንቃ ላይ ማራገፍ ነው። አሁን «ይህንና ይህን ሞክሬ እዚህ ጋ ቆመብኝ፤ ቀጥሎ እንዲህ ላደርግ ነው፣ የሳትኩት አለ?» እላለሁ። ግማሹን ጊዜ ጥያቄውን እያዘጋጀሁ መልሱን ራሴ አገኘዋለሁ። ከጠየቅኩ በኋላ ደግሞ ዝም እላለሁ። ይሄ እስካሁን ይከብደኛል፤ ሰውየው ሲያስብ ክፍተቱን በወሬ ልሞላ እቸኩላለሁ።

በቅርቡ አንድ አዲስ ልጅ ክፍላችን ገባ። ሥራ ሰጥቼው «ገባህ?» አልኩት። «ገባኝ» አለ፣ ፈጠን ብሎ። ድምፁን አውቀዋለሁ። «እሺ፣ ከየት ልትጀምር አሰብክ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።