ባልነበረ ካውንቲ የፈለግሁት ሰባኪ

የባለቤቴ ወገኖች ከቨርጂኒያ ተነሥተው ኬንታኪ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ከቅድመ አያቶቿ አንዱ የባፕቲስት ሰባኪ እንደ ነበረና በ1781 ሉዊስ ክሬግ እየመራ ካሻገራት፣ «ተጓዧ ቤተ ክርስቲያን» ከምትባለው ጉባኤ ጋር ኬንታኪ እንደ ገባ በቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ ይነገር ነበር። እኔ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ሕዝብ ልጅ ነኝና ወሬው በወረቀት ሳይረጋገጥ ለልጆቼ እንዲተላለፍ አልፈለግሁም። ፍለጋው ሦስት ዓመት ወሰደብኝ፤ ከሦስቱ አንዱ በከንቱ አለፈ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ዓመት ነው።

መነሻው ቀላል ነበር። አማቴ የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩኝ፤ ከዚያም በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ወደ ኋላ ሄድሁ። ነጻ ሰዎችን ሁሉ በስም የመዘገበው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1850ው ነው፤ ከዚያ በፊት የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ስም ብቻ ነው። የኬንታኪ የ1790 እና የ1800 ቆጠራዎች ደግሞ ጨርሶ የሉም። የዘር ሐረግ መመሪያዎች በዚህ ጊዜ የጥምቀት መዝገብ ፈልጉ ይላሉ፤ ለባፕቲስት ቤተሰብ ግን ይህ ምክር አይሠራም። ባፕቲስቶች ሕፃናትን ስለማያጠምቁ ልጅን ከወላጆቹ ጋር የሚያያይዝ የጥምቀት መዝገብ የላቸውም። መፈለግ ያለበት የጋብቻ ወረቀት ነው።

የሰባኪው መቃብር የሚገኝበትን ካውንቲ፣ ማለትም በአሜሪካ ከክፍለ ግዛት በታች ያለውን አስተዳደር፣ ስለማውቅ አምስት ሰዓት ነድቼ ወደ ካውንቲው መዝገብ ቤት ሄድሁ። ሠራተኛዋ ዘመኑን ስነግራት ከመቀመጫዋ ሳትነሣ «የዚያ ጊዜ ወረቀት ተቃጥሏል» አለችኝ። መቼ ተቃጠለ፣ ከቃጠሎው የተረፈስ ምን አለ ብዬ ልጠይቃት ሲገባኝ አመስግኛት ወጣሁ። በማስታወሻዬም ላይ «ተቃጥሏል» ብዬ ጻፍሁ፤ ለአማቴም ይህንኑ ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በየቦታው ደብዳቤ ስጽፍ ከረምሁ። ተስፋ በመቁረጥም፣ ስሙ ከሰባኪያችን ጋር አንድ የሆነ፣ ቨርጂኒያን ለቅቆ የማያውቅ ገበሬ ያገባበትን ወረቀት የእኛ ነው ብዬ ተቀበልሁ፤ የማይዛመዱንን የሚስቱን ወላጆች ሳይቀር በሐረጉ ላይ አሰፈርሁ።

እውነቱ የተገለጠልኝ የካውንቲዎቹን አመሠራረት ሳነብ ነው። ኬንታኪ እስከ 1792 የቨርጂኒያ ግዛት ነበረች፤ በ1780 የተከፈለችውም ፋየት፣ ጄፈርሰንና ሊንከን በተባሉ 3 ካውንቲዎች ብቻ ነው። ዛሬ ካውንቲዎቹ 120 ናቸው። አዲስ ካውንቲ ሲቆረስ የቀድሞው ወረቀት ከእናቲቱ ካውንቲ ዘንድ ይቀራል። ሰባኪው ባገባበት ዓመት እኔ የሄድሁበት ካውንቲ ገና አልተመሠረተም ነበር። ያልተጻፈ ወረቀት እንዴት ይቃጠላል? የምትሠራበት ካውንቲ መቼ እንደ ተመሠረተ የማታውቅ የመዝገብ ሠራተኛ ዛሬም ታናድደኛለች። በራሴ የምናደደው ግን ይብሳል፤ የምሥረታው ዓመት በሕንጻው በር ላይ በብረት ሰሌዳ ተጽፎ ነበር፣ እኔም በዚያው ቀን ፎቶግራፍ አንሥቼዋለሁ።

የጋብቻውን ዋስትና በሊንከን ካውንቲ ማይክሮፊልም ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ አገኘሁት። ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ወረቀት ነው፤ ቀለሙ ከጀርባው ዘልቆ ይታያል። ጋብቻውን የሚከለክል ነገር ከተገኘ ሙሽራውና ዋሱ 50 ፓውንድ ሊከፍሉ ይገደዳሉ፤ ዋሱ የሙሽራይቱ አባት ነው፣ መጻፍ ስለማይችልም በስሙ መካከል መስቀል አድርጓል። ከዚያ መስቀል ሌላ የሚስቲቱን ወገን የሚነግረኝ ምንም አልነበረም። ሰባኪነቱን ደግሞ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ አረጋገጥሁ። እነ ክሬግ በ1768 ፍሬደሪክስበርግ ላይ በመስበካቸው ታስረው ነበር፤ በ1784 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ግን የየትኛውም እምነት ሰባኪ መሾሙን በካውንቲው ፍርድ ቤት አረጋግጦ እንዲያጋባ ስለ ፈቀደ፣ የእኛም ሰው ቀርቦ መሾሙን አስመዝግቧል። ስለዚህ «የለም» የሚላችሁን ሰው ሁሉ ከየት እስከ የትኛው ዓመት እንደሌለ ጠይቁት፤ ጥያቄ እንዳበዛችሁ ቢሰማው እንኳ አትውጡ።

የመጨረሻው መዝገብ የቤተ ክርስቲያኑ ቃለ ጉባኤ ነበር። ሰባኪው ከቨርጂኒያ በመሸኛ ደብዳቤ እንደ መጣ ይናገራል፤ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም የምንጠቀምበት ያው መሸኛ ነው። የደብዳቤው ዓመት 1784 ነው፤ ስለዚህ በ1781 ከክሬግ ጋር አልተጓዘም። አማቴ ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከእርሱ ስም ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ በዚያው ቀን ስለ እምነቷ መስክራ የተቀበሏት አንዲት ጥቁር ሴት ተመዝግባለች። የአባቷ ስም የለም፤ ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው በባርነት የያዛት ጌታዋ ስም ነው፣ ጌታዋም ሰባኪው ነው። አማቴ «ይህም መግባት አለበት?» አሉኝ። ስሟን፣ ቀኑንና የገጹን ቁጥር ከቤተሰቡ ሐረግ ጋር አስገባሁ፤ የልጅ ልጆቿ አንድ ቀን ሲፈልጓት ከዚያ መስመር ሌላ ወረቀት ላያገኙ ይችላሉ።