ሀዋሳ በ12 የፊደል አጣጣል፦ ለኤአይ ኤጀንት የማኅደር ቱል ዶክመንት ሳደርግ የከፈልኩት ዋጋ

ሀዋሳ ላለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የአማርኛ ማኅደር አዘጋጅቻለሁ። የዚም ፋይሎች (ብዙ ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ በአንድ ላይ የሚያሽጉ)፣ አንድ ኮምፒውተር፣ እዚያው ላይ የሚሠራ የቋንቋ ሞዴል (ኤጀንቱ)፣ በመሃል ደግሞ ሞዴሉ የሚጠራቸው ሦስት ቱሎች፦ ፈልግ፣ ክፈት፣ ስለ ማኅደሩ ንገር። ኮዱ ቶሎ አለቀ። ጊዜዬን የበላው የቱሎቹ መግለጫ፣ ማለትም ሞዴሉ እያንዳንዱን ቱል መቼና እንዴት እንደሚጠራ የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሥራውን ከመግለጫው እጀምር ነበር።

ቀላሉን ልጨርስ። ፋይሉን አውርዱ፣ ሻ-256 ድምሩን (የፋይሉን የጣት አሻራ) አመሳክሩ፣ በዚምቼክ፣ በዚም ፋይል መፈተሻው፣ ፈትሹ። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለማይቀበል ወደ ኤክስፋት ቀይሩት። ቱሎቹን የያዘው ሰርቨር ከኤጀንቱ ጋር በኤምሲፒ (ሞዴሎችና ቱሎች በሚግባቡበት የጋራ ደንብ)፣ በስታንዳርድ አውትፑት የሚነጋገር ከሆነ ኮዱ ውስጥ አንዲት የ«ፕሪንት» ትእዛዝ እንዳትቀር፤ ከጄሰኑ መልእክት ጋር ትቀላቀልና ግንኙነቱን ታበላሻለች። ሎግ ሁሉ ወደ ስታንዳርድ ኤረር ይሂድ።

ያበሳጨኝ የፍለጋው ቱል ነው። መግለጫው ላይ የጻፍኩት «በማኅደሩ ውስጥ ቃል ይፈልጋል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ኤጀንቱ «ሀዋሳ» ብሎ ፈለገ፣ ባዶ ዝርዝር ተመለሰለት፤ ከዚያ ከራሱ አንድ አንቀጽ ፈጥሮ «በማኅደሩ መሠረት» ብሎ አቀረበ። ሞዴሉን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ ባዶ ዝርዝር ምን ማለት እንደሆነ የትም ቦታ አልጻፍኩለትም።

የፊደሉን ነገር እንመልከት። የመጀመሪያዋ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ልትሆን ትችላለች፤ የመጨረሻዋ ሳ ወይም ሣ። 6 በ2 ሲባዛ 12 አጻጻፍ ነው፤ ለእኛ ዓይን አንድ ከተማ፣ ለኮምፒውተር 12 የተለያዩ ቃላት። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (አንድን ፊደል በተለያየ ኮድ ሲጻፍ ወደ አንድ የሚመልሰው ሥርዓት) እነዚህን አያስታርቅም፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ሆነው ነው የተመዘገቡት። የድሮው «አዋሳ» ደግሞ ድምፁም የተለየ ስለሆነ በፊደል ማስታረቅ አይገኝም፤ የተለዋጭ ስሞች ዝርዝር ያስፈልገዋል። (ለአዳማም «ናዝሬት» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፤ መልሶ ግን የኢየሱስን ከተማ ይጎትታል።) በዚህ ላይ «በሀዋሳ»፣ «ከሀዋሳ»፣ «የሀዋሳው» አሉ። ዚም ፋይሉ ይዞት የሚመጣው የዛፒያን ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ለእንግሊዝኛ ቃል ቅጥያ መቁረጫ አለው፤ ለአማርኛ የለውም።

መፍትሔዬ ከጎን የራሴን ኢንዴክስ መሥራት ነበር፤ በኤስኪውላይት ዳታቤዝ የጽሑፍ ፍለጋ ክፍል በኤፍቲኤስ5፣ በትራይግራም አከፋፈል። ይህ ጽሑፉን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ስለሚይዝ «ሀዋሳ» ሲባል «በሀዋሳ»ንም ያገኛል። ኢንዴክስ ከማድረጌ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መለስኳቸው፦ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ፣ ዓና ኣ ወደ አ፣ የሀ ቤተሰብ ሁሉ ወደ ሀ፣ «ቁዋ» ወደ «ቋ»። ጥያቄውም በዚያው ወንፊት ያልፋል። አንባቢ የሚያየው ጽሑፍ ግን አይነካም፤ ሠዓሊና ሰአሊ፣ ሠረቀና ሰረቀ በፍለጋ ቢቀላቀሉ እታገሣለሁ፣ በንባብ ቢቀላቀሉ ግን ነውር ነው።

እፎይ ሳልል ዓሣ መጣ። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ስለ ዓሣ መልስ የማይሰጥ ማኅደር አስቡት። ትራይግራም ቢያንስ ሦስት ፊደል ይፈልጋል፤ «አሳ» ሁለት ነው፣ «ቡና»ም ሁለት፣ «ጤፍ»ም ሁለት። ኤረር እንኳ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ባዶ ነው። ስለዚህ ለአጫጭር ቃላት በሙሉ ቃል የሚሠራ ሁለተኛ ኢንዴክስ ጨመርኩ፤ ቱሉ «ቡና» ሲባል «የቡና»፣ «በቡና»፣ «ለቡና»፣ «ከቡና»ን ራሱ አክሎ፣ «ቡናው»ና «ቡናን» እንዳያመልጡት መጨረሻውን ክፍት አድርጎ ይፈልጋል።

አሁን መግለጫው በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ወይም ሁለት ዋና ቃል ስጥ፤ ሙሉ ጥያቄ አትስጥ። የፊደል አጣጣል ልዩነትን ቱሉ ራሱ ያስተካክላል፤ አጻጻፍ እየቀያየርክ አትድገም። 0 ውጤት ማለት በዚህ ማኅደር አልተገኘም ማለት ነው፤ ጉዳዩ የለም ማለት አይደለም። 0 ከሆነ አንድ ጊዜ በተመሳሳይ ትርጉም ቃል ሞክር፤ ካልሆነ ‹ማኅደሩ ውስጥ አላገኘሁም› በል።» ይኸው ቃል በባዶው መልስ ውስጥም ይደገማል፤ የተሞከሩት አጻጻፎችም አብረው ይመለሳሉ። መግለጫ አጭር ይሁን የሚሉ አሉ። የአየር ጠባይ ለሚጠይቅ ቱል ይሁን፤ ለአማርኛ ማኅደር ግን አልቀበለውም። ከርዝመት የምቆጥበው በቋንቋው ነው፦ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ፣ ምሳሌዎቹና ለተጠቃሚ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ። አብዛኞቹ ሞዴሎች አማርኛን በብዙ ቶክን (ጽሑፍን በሚከፋፍሉበት ቁራጭ) ስለሚቆርጡት ሙሉውን በአማርኛ ማድረግ ቦታ ያባክናል።

«ክፈት» ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ገደቡን በባይት ሳይሆን በፊደል ቁጠሩና አሃዱን መግለጫው ላይ ጻፉ፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ 4000 ባይት 1333 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ መጨረሻዋም ተቆርጣ የጥያቄ ምልክት ትሆናለች። ሲቆረጥም «ቀሪ አለ፤ ከዚህ ቁጥር ቀጥል» ይበል። ሁለተኛ፣ የጽሑፉን አድራሻ ኤጀንቱ ከርእሱ እንዲገምት አትፍቀዱለት፤ ፍለጋው የመለሰውን እንዳለ ይገልብጥ።

«ስለ ማኅደሩ ንገር» ቀላል መስሎኝ ነበር። የዚሙን ቀን እንዳለ መለስኩ፤ እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጽሑፎቹ ውስጥ ያለው ግን የተደባለቀ። «2000» የሚል ጽሑፍ ሚሌኒየማችንን ማለቱ ከሆነ በፈረንጅ 2007/2008 ነው። ስለዚህ «ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን ከዓመቱ ጋር ገልብጥ፤ ራስህ አትቀይር» የሚል መስመር ገባ።

ሥራውን የተረከበው ክፍል ይህን አንዱንም አላየም። የጠየቁኝ የገጽ ብዛት፣ የሽፋን ገጽና ማኅተም ነበር። 40 ገጽ አትሜ ሰጠኋቸው። ኤጀንቱ የሚያነበው ግን ኮዱ ውስጥ ያለችውን ያቺን አንቀጽ ነው፤ ስትቀይሯት «ዓሣ»ን፣ «ሐዋሳ»ንና ማኅደሩ ውስጥ እንደሌለ የምታውቁትን አንድ ቃል እንደገና ጠይቁት።