አዲስ አበባ ስትመጡ የት ታርፋላችሁ?
እማዬን ለሕክምና ከባሕር ዳር ይዣት መጥቼ ሜክሲኮ አካባቢ ነው ያረፍነው። ዘመድ ሁሉ "ቦሌ ያዙ" ብሎኝ ነበር። ቦሌ ለአውሮፕላን ማረፊያው ይቀርባል፣ ሆቴሉም ብዙ ነው። የኛ ጉዳይ ግን ለሜክሲኮ የሚቀርበው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ጉልበቷን የሚያማትን እናት በጠዋቱ የመንገድ መዘጋጋት ከቦሌ ማመላለስ ይከብዳል። ዛሬ ኮንትራት ታክሲ ይዘን ቶሎ ደረስን። ምርመራው ሲያልቅ ተመልሳ ጋደም አለች። ደስ አለኝ!

ከአያትም ከቃሊቲም የሚመጣው ቀላል ባቡር ሜክሲኮን ያልፋል። አክስቴ ከአያት ምሳ ቋጥራ በዚያው መጣች። ሰፈሩ ጫጫታ አለው፤ ከመንገዱ ራቅ ያለ ክፍል ጠይቁ። ታማሚ ይዛችሁ ከመጣችሁ መጀመሪያ ሆስፒታሉን፣ ከዚያ አልጋውን አስቡ። ነገ ውጤት እንቀበላለን፣ በጸሎት አስቡን።