ጋላክሲያችንን በስልክ ካልኩሌተር ስንመዝን

ሱሉልታ ቤታችን ቴሌስኮፕ የለም። የእህቴን ልጅ ፊዚክስ ሳስጠናው ግን ጋላክሲያችንን፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ በስልክ ካልኩሌተር መዘንናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገር የሚመዘነው በዙሪያው በሚዞረው ነገር ፍጥነት ነው። መሬት ፀሐይን በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘች ትዞራለች። ፀሐይም በተራዋ የጋላክሲውን መሐል ትዞራለች፤ ፍጥነቷ በሴኮንድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከመሐሉ ያላት ርቀት ደግሞ 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው።

በመማሪያ መጽሐፉ ቀመር የመሐሉ ክብደት የሚገኘው የዟሪው ፍጥነት በራሱ፣ ከዚያም በርቀቱ ተባዝቶ ነው፤ በዚያ ብንጀምር ዜሮዎቹ በዙብን። ስለዚህ መሬትን መለኪያ አደረግናት፤ እሷ የምትዞረው አንድ ፀሐይን ስለሆነ መልሱ በፀሐይ ቁጥር ይመጣል። የፀሐይ ፍጥነት የመሬትን 7.7 እጥፍ ነው። ይህ በራሱ ሲባዛ 59 ገደማ ይሆናል። ርቀቱስ? መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት 1.64 ቢሊዮን እጥፍ ነው። ሁለቱን ስናባዛ ወደ 97 ቢሊዮን መጣ። ከፀሐይ ምሕዋር ወደ ውስጥ ያለው ቁስ መቶ ቢሊዮን ፀሐይ ሊያክል ምንም አልቀረውም!

«ጋሼ፣ ይኸው ነው?» አለኝ ልጁ።

ይኸው ነው። ቁሱ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ እንደተሰራጨ ስለወሰድን ግምት ነው፤ ግን ከባለሙያዎቹ ቁጥር ብዙም አይርቅም።

ቀጥሎ የጠየቀው ከበድ ይላል፦ «ከእኛ ውጭ ያለውስ?» ኔፕቱን ከፀሐይ ስለምትርቅ በሴኮንድ 5.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ትጓዛለች። ጋላክሲ ውስጥ ግን ዳር ያለው እንዲያ አይዘገይም። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1970 አንድሮሜዳ ጋላክሲ ላይ ያገኙት ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ምክንያቱ የማይታይ ቁስ፣ ዳርክ ማተር፣ ነው ይላሉ። ወደ ውጭ በሄድን ቁጥር መጠኑም ይጨምራል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጋላክሲያችን ክብደት ዜና ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «እስከ የት?» ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃብልና በጋያ ቴሌስኮፖች መረጃ 1.5 ትሪሊዮን ፀሐይ ተባለ። የኮከብ ክምችቶች እንቅስቃሴ ተለክቶ እስከ 129,000 የብርሃን ዓመት ድረስ የተገኘው ግን 420 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ የቀረው በሞዴል የተቀጠለ ነው። በ2023 ደግሞ 200 ቢሊዮን ገደማ ያለ ጥናት ወጣ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው!

የጋያ መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ለመሞከር ካሰባችሁ የምትፈልጓቸውን ኮከቦች ብቻ መርጣችሁ አውርዱ። ሙሉው ፋይል ፓኬጅ አይበቃውም።