ስክሪኑ 16.7 ይላል

ያን ሰሞን ቢሮው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ በምከታተለው የአየር ጥራት መለኪያ ጣቢያ የፒኤም 2.5፣ ማለትም አየር ውስጥ ያለው የደቃቅ ብናኝ፣ ቁጥር መውረድ ጀምሯል። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ በደንብ። አለቃችን ግራፉን አይተው «አየሩ ተሻሻለ ማለት ነው» አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ጥሩ ዜና ማን ይጠላል?

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ከትልቁ መሣሪያ አጠገብ አንዲት ርካሽ የሌዘር ሴንሰር ሰቅለናል። ድሮ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አሁን ግን የሷ ቁጥር አልወረደም። ለዚህም መልስ አላጣሁም። የሌዘር ሴንሰር ብናኝ አይመዝንም፤ ብናኙ የሚበትነውን ብርሃን አይቶ ነው የሚገምተው። እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውሃ ይዞ ያብጣል፣ ሴንሰሩም አጋኖ ያነባል። ወቅቱ ደግሞ ዝናብ ነው። «እርጥበት አሳስቷት ነው» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ርካሽ ናታ!

ትልቁ መሣሪያ ሌላ ነው። አየሩን በፓምፕ ይስባል፣ ብናኙን በማጣሪያ ቴፕ ላይ ያስቀራል፣ ከዚያ ቤታ ጨረር በቴፑ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደታገደ ይለካል። ብናኙ በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ጨረር ያንሳል። በየሰዓቱ ቴፑ ፈቀቅ ይልና ሌላ ክብ ነጥብ ይጀመራል። የሚስበው አየር መጠን፣ እኛ ፍሎው የምንለው፣ በደቂቃ 16.7 ሊትር መሆን አለበት፤ በሰዓት 1 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሳይክሎን ትልልቁን ብናኝ አሽከርክሮ በትክክል የሚያስቀረውም አየሩ በዚህ መጠን ሲሳብ ነው።

በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ ስክሪኑን አያለሁ። 16.7። መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። 16.7። እንዲህ አድርጌ ሰባት ጊዜ ጻፍኩ።

ቴፑ ሊያልቅ ሲል አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አብረውኝ ወጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ያለቀውን ቴፕ ልጥለው ስል «ቆይ፣ እስቲ አምጣው» አሉኝ። በሩ ጋ ወስደው ወደ ብርሃኑ ዘረጉት።

«ምን ይታይሃል?»

«ነጥቦች።»

«እሱንማ እኔም አየሁት። ጠርዛቸውን እይ።»

መጀመሪያ አካባቢ ያሉት ነጥቦች ሳንቲም ተቀምጦ የተሰመሩ ይመስላሉ። ጠርዛቸው ጥርት ያለ ነው። ወደ መጨረሻው ሲኬድ ግን ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ውሃ እንደነካው ቀለም ዙሪያውን ግራጫ ጥላ ይዟል። አንዳንዶቹ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለ።

«ግን እኮ ፍሎው 16.7 ነው» አልኳቸው።

«የት ላይ?»

መልስ አጣሁ። የመሣሪያው የፍሎው ሴንሰር ያለው ከቴፑ በኋላ፣ ወደ ፓምፑ በኩል ነው። ፓምፑ የሳበውን ይቆጥራል እንጂ አየሩ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ጣሪያ ላይ ወጥተን የቱቦው አፍ ላይ ሌላ ፍሎው ሜትር ገጠምን። 13.9። የቀረው አየር የሚመጣው ከክፍሉ ውስጥ፣ በቴፑና አየሩን ቴፑ ላይ በሚያወርደው አፍ፣ በኖዝሉ፣ መካከል እየሾለከ ነው። ቱቦውን ስንዘጋው ፍሎው ከ1 በታች መውረድ ሲገባው 4 ላይ ቆመ።

ጋሼ ኖዝሉን አነሱት። ከታች ቴፑ የሚያርፍበት ወንፊት ላይ ከቴፑ የረገፈ ጭረትና ብናኝ ተጋግሮ ደርቋል። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ አንዲት ጉብታ ናት ቴፑን ስትበሳ የከረመችው። እርጥበት ባለበት ወቅት ይሄ ነገር ቶሎ ይጋገራል። ሴንሰሯ ላይ ያላከክሁት እርጥበት እዚህ ነበር ሥራውን ሲሠራ የከረመው። በአልኮል የተነከረ ጥጥ እንጨት ላይ ጠቅልለን ስናሽ አምስተኛው ጥጥ ላይ ነው ጥቁሩ የለቀቀው። እንደገና ስንፈትሽ 0.4። ጣሪያው ላይ 16.6።

በማግስቱ ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። ርካሿ ሴንሰርም እንደ ድሮዋ አብራው መሄድ ጀመረች። እርግጥ እርጥበት ሲበዛ አሁንም ታጋንናለች። ያኔ ግን እውነቱን የያዘችው እሷ ነበረች።

የሚያሳፍረው ቀጥሎ ያለው ነው። ይሄ ቱቦውን ዘግቶ አየር መሹለኩን የማየት ሥራ፣ የሊኬጅ ፍተሻ፣ በየወሩ መደረግ አለበት። እኔ ግን ዝናብ ነው፣ ጣሪያው ያዳልጣል ብዬ ዘልዬው ነበር። መሣሪያው ፍተሻውን ለመጨረሻ ጊዜ ያለፈው ያንን ቴፕ ያስገባሁ ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ንባብ ሁሉ ወደቀ። 52 ቀን፣ 1,248 ሰዓት። በሆነ ቁጥር አባዝተን እናስተካክለው ብዬም ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። ሊኬጁ በየቀኑ እኩል አይደለም። በዚያ ላይ በቱቦው የሚገባው አየር ሲቀንስ ሳይክሎኑ ትልልቅ ብናኝ ያሳልፋል። ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትቱ በምን ታባዛዋለህ?

ለአለቃችን የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ጸጥ ብለው ሰሙኝና «እና አየሩ ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም?» አሉ።

«አናውቅም» አልኳቸው።

ግራፉ ላይ ያ ጊዜ አሁን ባዶ ነው። መዝገቡ ላይ ደግሞ «ፍሎው» ይል የነበረውን አምድ ለሁለት ከፍዬ «ስክሪን» እና «ጣሪያ» ብዬዋለሁ።